ሦስተኛው ደረጃ

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ወርዶ
ትሪየስቴን ሲያንገላታ በየበሩ ነጉዶ፣
እግረኛው ገመድ ጨብጦ በሚሄድበት ቀን
ከከተማው ዳር፣ ከመጠለያው፣ አገኘሁት እሱን።

ካርዱ እንዲህ ይላል፦
ቁጥር አርባ አንድ። ወንድ። ዕድሜው አሥራ አራት።
ልቡ ያበጠበት። ጥርሱ የወለቀበት።
ጆሮው የማይሰማ። ጌታው የሞተበት።
ግርጌው ላይ በእርሳስ፣ በሌላ ሰው እጅ፦
"አሥራ አንድ ወሩ ነው፤ ጠያቂ የለውም።"
እሱም አልለመነኝ፤ ጭራውን አልቆላም፤
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ
እንደ ተረሳ ካፖርት፣ ከመስቀያው ወድቆ፣ አቧራ ጠጥቶ።

እውነቱን ልናገር፣
ውሻ ልወስድ አልነበር፤
ከአውቶቡስ ጋራዣችን ያዋጣነውን አሮጌ ብርድ ልብስ
ለበረኛው ሰጥቼ፣ ፈረቃዬ ሳይረፍድ፣ ልመለስ።
አንዱን አልብሼው ልሂድ ብዬ ጎንበስ ስል
ጥፍሬ ሥር የቀረውን ናፍጣ አሸተተ፣ ቀስ ብሎ፣
እንደ ደብዳቤ፣ ፊደል በፊደል።

ኋላ ነው የሰማሁት፦ ሊቪዮ፣ ሟቹ ጌታው፣
የጀልባ ሞተር መጠገን ነበረ ሥራው።
እንግዲህ እኔን አልነበረም የፈለገው።
ይሁን።
ለሌላ የተጻፈ ናፍቆት ደጅሽ ላይ ቢያድር
በሩን ዘግቶ "እሱ ሞቷል" ብሎ መናገር
ይቻላል?
እኔ አልቻልኩም።

ዶክተር ዝድራቭካ ደረቱን አዳመጠች፤
መነጽሯን አውልቃ ያልቆሸሸውን ጠረገች።
"ሦስት ወር። ቢበዛ አራት።
ጠዋት የልቡን ክኒን፣ ማታ የሚያሸናውን ስጪው።
ጨው እንዳይቀምስ። ደረጃ ደግሞ፣ አደራሽን፣ አታስወጪው።"
ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለውም።
ይህን አልነገርኳትም።

በአንሶላ አዘልኩት፣ ሃያ ስድስት ኪሎ ሽማግሌ፣ አገጩ ትከሻዬ ላይ፤
ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ሲኞራ ኒቬስ በበሯ ስንጥቅ ስታይ
"የሞተ ነው እንዴ?" አለች።
"ገና ነው" አልኳት፤ ለሌላ ቃል ትንፋሽ አልነበረኝም።

ሙሉሸዋ በስልክ ሳቀች፦
"ውሻ? ያውም አሮጌ? ያውም የታመመ? ሰው ጠፍቶ ነው?"
እውነቷን ነው፤ በአፋችን ውሻ ስድብ ነው፤
በከንቱ የፈሰሰ፣ ጠያቂ የሌለው ደም፣ ደመ ከልብ ነው።
ግን ይኸው አፋችን አይዞህን ወልዷል፤
እዚህ ኮራጆ ይላሉ፤ እሱ ግን ተነሥ፣ ተዋጋ ይላል፤
አይዞህ አጠገብህ ቁጭ ይላል።

ክኒኑን በአይብ ብጠቀልል አይቡን ውጦ ክኒኑን ይተፋል፤
ሌሊት ሦስቴ ወለሉን ያረጥባል።
በየካቲት አንድ ማታ ምላሱ ጥቁር ወይን መሰለ፣
ሳሉ እንደ ዛገ ሰንሰለት ከደረቱ እየተጎተተ አልቆም አለ።
ወጥ ቤት ወለል ላይ ጎኑን ደግፌ አነጋሁ፤
ልቡ ሲዘገይ፣ ሲሮጥ፣ ሲሰናከል፣ በመዳፌ ሰማሁ።
ጆሮው አይሰማምና ከንፈሬን ከራስ ቅሉ አስጠግቼ
አይዞህ አልኩት፣ በአጥንቱ እንዲገባ።
አይዞህ። የቆሻሻ መኪናው በመስኮቴ ሥር እስኪያልፍ።

ሰኔ ገባ። ዶክተሯ የቆረጠችው ቀን አለፈ።
አልዳነም፤ ውሸት አልጽፍም። ልቡ እንዳበጠ ነው።
ግን የጀርባው ራሰ በራ ላይ ጠጉር አቆጠቆጠ፤
ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ሲነሣ
አፍንጫውን ወደዚያ ያቀናል፤ እኔም አልጎትተውም፤
የሚፈልገውን ፈልጎ እስኪጨርስ እቆማለሁ።

ትናንት ሽቅብ ተሸክሜው አንደኛ ፎቅ ላይ ደከመኝ፤
አወረድኩት፣ ጥቂት ልተንፍስ ብዬ፤ ግድግዳው ደገፈኝ።
እሱ አልጠበቀኝም።
አንድ።
የኋላ እግሩ ተንሸራተተ። ሁለት።
ሲኞራ ኒቬስ ከላይ፣ የገበያ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች፣ ደርቃ ቀረች።
ሦስት።
ለዶክተሯ አልነግራትም።
እዚያው ቆመ፤ ዞሮ ቁልቁል አየኝ።
ከሁለታችን የሚያለከልከው
እኔ ነበርኩ።