ሁለት ዘንግ

አንደኛው ዘንግ ብረት፣ ወደቡ ጥግ ቆሟል፤
ቀለሙ ተልጦ፣ በዝገት ታሟል።
ሁለተኛው ዘንግ እኔ የማሰምረው መስመር፣
በፓይተን ታዝዞ፣ ስክሪን ላይ የሚኖር።

በሁለቱ መካከል ጋሽ ይርሳው አለ፤
ሠላሳ አንድ ክረምት ጧት ያላጓደለ።
በአንድ ሰዓት ይወርዳል ሱሪውን ጠቅልሎ፣
እንቦጩን በዱላ ከብረቱ ላይ ነቅሎ፣
ቁጥሩን ያሰፍራታል በእርሳስ አስተካክሎ።
ሞት ይርሳው ብላ ነው ስም የሰጠች እናቱ፤
እሱ ግን አልረሳም አንዲት ጧት ከዓመቱ።

(እንዲህ ነው የሚባለው።)

ደብተሮቹን በጆንያ ቢሮዬ አራገፉ፤
ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ምስጥ የነካው ጫፉ።
ቁጥሩን ሁሉ መታሁ። መስመሩ ወጣልኝ።
ከሥሩ ግን “ጃንዋሪ”፣ “ማርች” ብሎ ጻፈልኝ።
ጋሽ ይርሳው በማርች አልለካም ከቶ፤
በመጋቢት እንጂ፣ ፀሐይ አናቱን መትቶ።

ጭረቱን ነቀልኩት፤ ሌላ ጭረት ተከልኩ፤
መስከረም አንድ ላይ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቀጠልኩ፤
“ወሩን በፊደላችን ጻፍ” ብዬ ላኩ።
ማትፕሎትሊብ መለሰ፦
ሣጥን። ሣጥን። ሣጥን።
አሥራ ሦስት ባዶ ሣጥን በመስመር በመስመር፣
እሑድ እንደ ዘጋ የሱቅ በር ድርድር።

ባሕር ዳር ተኝታ፣ የባጃጅ ድምፅ ጠፍቶ፣
እኔና ኮዱ ብቻ፣ አንድ አምፖል በርቶ፤
ፎንቱ ፊደል አልቆጠረም፣ ቄስ ትምህርት አልገባ፤
ሀ ሁ የቆጠረ ሌላ ፎንት ባስገባ፣
ሣጥኑ ተከፍቶ መስከረም አበባ።

ስሞቹ ሲጋፉ አርባ አምስት አዘነበልኳቸው፣
እንደ ደንገል ሁሉ ነፋስ እንዳያቸው።
ጳጉሜን ምን ላድርጋት? አሳጠርኩ ጭረቷን፤
ማን ይጋፋታል ያቺን ያምስት ቀን ርስቷን?

ከዚያ ቋሚው መጣ። እዚህ ላይ ቆም አልኩኝ።
ከባሕር ወለል ብነሣ፣ ሐይቁ ተኛብኝ፦
ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ሜትር ባዶ፣
አናቱ ላይ አንድ ክር፣ ቀጥ ያለ፣ በርዶ።
ከሐይቁ ሥር ብነሣ፣ ያው መስመር ገደል ነው፤
ግንቦት ላይ ሲከሰከስ ልብ የሚያቆመው።
“ገደሉ ይቀመጥ” ይላል ኢንጂነር ምሕረቴ፣
“በጀት የሚያስገኘው ገደል ነው፣ እኅቴ።”

ላፕቶፑን አቅፌ ወረድኩ ወደ ውሃው፤
“የቱ ነው እውነቱ፣ ጋሽ ይርሳው?”
ዝም አለ። ዓይኑን አጥብቦ ወደ ስክሪኑ አዘነበለ፤
ደረቱን መታ አደረገና “ይኸ ጥቅምት ነው” አለ።
ጎንበስ ብሎ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ያዘ፦
“ግንቦት እዚህ ነበር፣ እግሬ እስኪደነዝዝ የቀዘቀዘ።”
ሌላ አልነገረኝም። እኔም ከእግሩ መርገጫ እስከ ቆቡ ድረስ፣
ዘንጉን በልኩ ሰፋሁት፣ እንደ ሰው ልብስ።

ጣቱ ግን ቀጠለች፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀው፣
መስመሩን እንደ ገመድ እየተከተለች፤
የአንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ደርሳ ቆመች።
“ይቺን ማን ጻፋት?”
“ማንም። ሁለቱን ነጥብ ኮዱ ነው ያያያዘው፣
በቀጥታ መስመር፣ ክፍተት ሲያገኝ ልማዱ ነው።”
“አሥራ አንድ ቀን ናት” አለኝ። “ያን ጊዜ አልወረድኩም።
ውሃውን ማየት አልቻልኩም።”

አልጠየቅሁትም።
ታንኳዎቹን አየሁ፣ ድንጋዩ ላይ ተደፍተው ሲደርቁ።

ማታ ያቺን መስመር ከኮዱ አወጣሁ፤
በአሥራ አንዱ ቀን ፈንታ ባዶ አስገባሁ።
ግራፉ ተበጠሰ፣ ነሐሴ ላይ አፉን ከፈተ፤
ከሥሩ ጭረት የለም፣ ስም የለም፣ የተጻፈም የለ።
“መስመርሽ ተቆርጧል፣ አስተካክዪው” ቢለኝ ኢንጂነሩ፣
“ትክክል ነው” አልኩት፣ “እንዲህ ነው ነገሩ።
ውሃው እዚያ ነበር፤ ያየው ሰው ግን የለም።”
እሱም ትንሽ ቆየና፣ ምንም አላለም።

ዛሬ ጧት በአንድ ሰዓት ስልኬ ጮኸች። እሱ ነው።
“ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት” አለና ዘጋው።