ያልተወረወረው ጠጠር

ሚያዝያ ነው፣ ሳስካችዋን። በረዶው ሲላቀቅ
መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጫማ የሚነጥቅ።
የወረዳው ሹሞች ወረቀት ላኩልኝ፦
«አሮጌው ግሬደር ለብረት ይሸጣል፤
ሂድና ገምተው፣ ስንት ኪሎ ይወጣል?» አሉኝ።

ከጎተራው ጀርባ፣ ከወደቀው አጥር፣
በአጥንቱ መሀል ሣር በቅሎ እንደ ጠጉር፣
ተኝቶ አገኘሁት፤ ምላጩ አፈር ነክሶ፣
ግራሶው ነጥፎበት፣ ዝገት ተላብሶ።

ሞተር አልተሰጠው።
ጎታቹ ሌላ ነው፤ ከፊቱ ትራክተር፣
በእጅ ተጠምዝዞ እንደ ኮርማ የሚያጓራ፣
ባልን ከሚስቱ ጋር የማያነጋግር።
ሥራው ሁለት ሰው ነው፤
አንዱ ከፊት ሆኖ አድማሱን ሲያይ፣
አንዱ ከኋላ ቆሞ፣ ከመድረኩ ላይ፣
ሁለት መዘውር ጨብጦ፣ አቧራ እየቃመ፣
ምላጩን ከፍ ዝቅ፣ ወገቡ እየታመመ።

ከፊት ኦስታፕ ነበር፣ ከኋላ ፓራስካ።
የወረዳውን መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ደሞዝ ሲለካ
«ኦስታፕ ማርቲኑክ፣ አንድ ሰው» ይላል።
የኋላዋ ሰው አቧራ ናት ለካ።

የሚቆረጠውን በጠመኔ ሳሰምር
ከቤቷ ወጣች፤ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
የሟቹ ቦት ጫማ እስከ ጉልበቷ፣
«ግራውን ውሰደው፣ ተበልቷል» አለችኝ፣
«ቀኙ ግን ደህና ነው።
ግራው የቦዩ ነው፤ ምንጊዜም የሚለፋ
የቦዩ ወገን ነው።»

እጄን ብዘረጋም አልያዘችኝም።
መድረኩ ላይ ወጥታ መዘውሩን ስትጨብጥ
ጣቶቿ ዱሮም እዚያው የነበሩ መሰለኝ።
«በዚያ ሁሉ ጩኸት በምን ትግባቡ ነበር?»
ከሽርጧ ኪስ ውስጥ የሌለ ነገር ዘግና
ወረወረች ወደ ፊት። «በጠጠር።
አንድ ባርኔጣው ላይ፦ ቁም።
ሁለት፦ ቀስ በል። ሦስት፦ ምሳ ደርሷል።
አንዳንዴም ያለ ምክንያት።
ያው፣ ባል አይደል?»

ጠየቅኳት እንግዲህ፣ ዓመታት ያስቸገረኝን።
ከድልድዩ ወዲህ፣ ሜዳው ገበታ ነው፤
ዛፍ የለ፣ ቋጥኝ የለ፣ ረግረግ የለበት።
መንገዱ ግን ድንገት ወደ ሰሜን ያዘማል፣
እንደ ሰካራም ሰው ትከሻውን ይጥላል፣
ደግሞ እንዳላጠፋ ቀና ብሎ ይሄዳል።
መሐንዲሶች መጥተው ሁለት ቀን ቆፍረው
«ከሥሩ ምንጭ ሳይኖር አይቀርም» ብለው ጽፈዋል።

ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ።
«ምንጭ አይደለም ልጄ፣ እንቅልፍ ነው።
መኸር ነበር። ሦስት ሌሊት
የጎረቤት ስንዴ ሲወቃ አድሮ፣
አንገቱ ዘንበል አለ፤ ትራክተሩም ተከተለው።
ጠጠር አወጣሁ። አነጣጠርኩ።
ያቺን ማጅራት አየኋት፣ በፀሐይ የተሰነጠቀች፣
አልወረወርኩም።
ሜዳ ነው፤ የሚገጨው ምን አለ?
እሱ በሄደበት ምላጩን አስከተልኩት፣
ቦዩን አጎበጥኩለት፣ ጠርዙን አለሰለስኩት፣
እንቅልፉ መንገድ እስኪመስል ድረስ።
ሲነቃ ዞሮ አየኝ። በእጁ ጠየቀኝ፦ ቀጥ ብሏል?
በራሴ መለስኩለት፦ ቀጥ ብሏል።»

ለሹሞቹ ጻፍኩ፦ «ብረቱ ሳስቷል፤
የማጓጓዣውን ወጪ አይሸፍንም።»
ውሸቴን ነው። አራት ጣት ውፍረት አለው።
ጠመኔውን በመዳፌ አብሼ ተመለስኩ።

የእኔው ማሽን ባለ ስድስት ጎማ ነው፣
ማሞቂያ አለው፣ ወንበሩ ይወዛወዛል፣
ምላጩን ከላይ ሳተላይት ያርመዋል።
ከኋላዬ ማንም የለ።
እዚያ ቦታ ስደርስ ስክሪኑ ይቀላል፣
«ከመስመር ወጥተሃል» ይላል።
አጠፋዋለሁ።
ማርሽ እቀንሳለሁ፤ መሪውን በቀስታ
ወደ ሰሜን እሰጣለሁ፣
የተኛ ሰው እንዳይነቃ።