ልብ መግዛት

«ልብ ግዛ!» ይሉኝ ነበር፣ ባጠፋሁ በልጅነቴ፣
ገበያው የት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም አባቴ።
ዘግይቶም ቢሆን ገዛሁ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ።
ገዛሁ ማለቴ እንኳ ውሸት፤ ከፋዩ የአልበርታ ካዝና፣
የእኔ ድርሻ መጋደም ነው፣ ነቅቶም መናገር ምስጋና።

ከግራ ትከሻዬ በታች፣ በቆዳና ሥጋ መሐል፣
የኪስ ሰዓት የሚያህል ብረት ተቀብሮ ይውላል ያድራል።
ልቤ መምታት ሲዘነጋ ጎሸም አድርጎ ያስታውሳል፤
ስድሳ ነው የታችኛው ወለል፣ ከዚያ በታች ማን ይወርዳል?

በኤድመንተን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ነው የምነዳ፤
በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ፣ አስፋልቱ ሲፈነዳ፣
ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ወንበሩ እያንገጫገጨኝ፣
እጄ መሪ እንደጨበጠ ልቤ ሽምጥ ጋልቦ በለጠኝ።
መቶ ሠላሳ፣ ቁጭ ብዬ! አንድም አሳዳጅ ሳይኖረኝ፤
ብረቱ ንዝረቱን አይቶ ከሯጮች ተራ ቆጠረኝ።

ቅዳሜ ደግሞ ግልባጩ።
ከምንተስኖት ጋር በብስክሌት
ከወንዙ ሸለቆ ወደ ላይ ዳገቱን ስንጀምር ጠዋት፣
እግሬ ፔዳሉን ይፈጫል፤ ደረቴ ግን ፀጥ እንዳለ፣
ብረቱ «ሰውዬው ተቀምጧል» ብሎ ስድሳ ላይ ችካል ተከለ።
ጭኔ ደም አምጡ ይላል፣ ሳንባዬ በሩን ይመታል፣
እሱ ግን እንደ ቢሮ ሹም «ነገ ተመለስ» ይላል።
ዓይኔ ላይ ጭጋግ ወረደ። ከኮርቻው ዝቅ አልኩ፣
ብስክሌቴን እንደ ከዘራ ተደግፌ ቆምኩ።
«ምነው?» አለኝ ካናቱ ሆኖ።
«ወንዙን ልየው ብዬ ነው» አልኩ።
ወንዙ ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ የሚሄድ ውሃ፤
በአንድ ገላ ሀብታም ሆኖ፣ በዚያው ገላ ደግሞ ድሃ።

ማክሰኞ ክሊኒክ ገባሁ። ማሪሴል ናት ባለሙያዋ፣
ልብሷ ላይ ዳክዬ ታትሟል፣ ቀልድ ይቀድማል ሰላምታዋ።
እንደ ሳሙና የለዘበ ነገር ደረቴ ላይ አስቀምጣ፣
የወር ሙሉ የልቤን ወሬ በስክሪኑ ዘርግፋ አውጥታ፣
«ይሄ ሐሙስ፣ ሩጫ ነበር?»
«ጉድጓድ።»
«ይሄስ ቅዳሜ፣ እንቅልፍ ነው?»
«ዳገት ነበር፤ ነፍሴ ስትሰደድ።»
«አንድ ዓይና ነው እኮ» አለች፣ «ስትወዛወዝ ብቻ ነው የሚያይህ፤
ትንፋሽ የሚቆጥር ሌላም ዓይን አለው፣ ቆይ ልክፈትልህ።»
የንዝረቱን ደፍ ከፍ አድርጋ፣ አውቶቡሱ እንዳያታልለው፣
ጣሪያውንም ጥቂት ሰቅላ፣
«በል ውጣ፣ ደረጃውን ሞክረው።»

ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አራተኛ፣
ግሉኮስ ያንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ
በዓይኑ ሰላም ብሎኝ አለፈ፣ እንደ መንገደኛ ለመንገደኛ።
አምስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ
ተነሳ። አላስፈቀደኝም። እንደ አውቶቡስ፣ ማርሽ ሲለወጥ፣
መጀመሪያ ጉርምርም፣ ከዚያ ዳገቱን ሲውጥ።
ሰማንያ... ዘጠና... መቶ... ማሪሴል ከታች ስትጠራ፣
የሎተሪ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ድምጿ በደስታ ሲያበራ።

«አንድ ነገር» አልኳት ስወርድ፣ «ሳልንቀሳቀስ ብደሰትስ?
በጥር ሶስና ልጄ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውላ
‹አባዬ፣ ወንድ ልጅ!› ስትለኝ፣
ወንበር ላይ ነበርኩ። ደስታው አንገቴ ደረሰ፤
ልቤ ግን ስድሳ ነው፣ አያውቅም ሌላ።»
ማሪሴል ዝም አለች። ስክሪኑን ዞር ብላ አየችው፣
ቁልፍ ፈልጋ እንዳጣች ሰው ጣቷን ሰበሰበችው።
«ለዚያ» አለች «ቅንብር የለውም»፤ ቆይታም ጨመረችልኝ፣
«እጅህን አወዛውዝ፣ ጨፍር፤ ያኔ ይገባዋል» አለችኝ።

ቅዳሜ ዳገቱን ወጣሁ። ጭጋግ አልመጣም፣ አልቆምኩም፤
ብረቱ ትንፋሼን ሰምቶ መቶ ሃያ ሰጠኝ፣ አልተከራከርኩም።
ምንተስኖት ግን አሁንም ካናቱ ሆኖ ይጣራል፤
ድሮም ይቀድመኝ ነበር እኮ፣ ይሄስ በማን ይሳበባል?
ልቡንስ ገዛሁት፣ አባቴ፤
የጉልበቱን ገበያ ግን ማን ያሳየኝ፣ በሞቴ?