አስራ ስድስት አምፔር

አርብ ከሰዓት፣ አፉላ፤ የጥር ዝናብ ይወርዳል፤
ከላይ ፎቅ መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል።
በሦስተኛው እትዬ ስንቅነሽ፣ ምርኩዟ ደረጃ እየቆጠረ፣
«አንተ የመብራት ተማሪ» አለችኝ፣ «ቤቴ በምን ነገር ታወረ?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከማታ ትምህርት ቤት፣ ከኋላ ወንበር፣
ልጆቼን ከሚያክሉ ጎረምሶች ጋር ሳባዛ ሳካፍል የማመሽ ነኝ፣ የማድር።
መምህራችን ሴምዮን ከኦዴሳ ነው፤ ዕብራይስጡ እንደኔው ሰባራ፤
ቃል ሲጠፋበት ጠመኔ ያነሳል፤ በጠመኔው ነው እኔና እሱ የምናወራ።
«ቁጥር ያለ መለኪያው» ይላል፣ «አባቱ ያልታወቀ ነው»፤
«አምፔር» ሳልል የተውኩትን አስር በቀይ ከብቦ መለሰው።
(እኔም ስገባ፣ ጸሐፊው የአያቴን ስም ቆርጦ ጥሎታል፤
ሴምዮን ይህን አያውቅም። ነገሩ ግን ገብቶታል።)

ለኔ የተገለጠልኝ በጠመኔው አይደለም፤ በአባቴ ወናፍ ነው፣
ወገራ፣ ከብረት ቤቱ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ በምጫነው።
ቮልት ማለት የክንዴ ግፊት፤ አምፔር ወጥቶ የሚሮጥ ነፋስ፤
ኦም የሸክላው አፍንጫ ነው፣ ጠብቦ «ቀስ» የሚለው፣ «ቀስ»፤
ዋት ደግሞ ያ የጋመው ማረሻ፣ ጎረቤት ቀን የሚወስደው፣
ሲመሽ ግን «ጅብ ይሆናሉ» ብሎ ከደጃችን የሚሸሸው።

መለኪያዬን ይዤ ወጣሁ። ሶኬቱ ሁለት መቶ ሠላሳ ቮልት።
ማሞቂያዋ አስር አምፔር ይጠጣል፤ አካፈልኩ፤ ሃያ ሦስት ኦም ነው ማለት፤
አባዛሁ፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዋት።
የውሃ ማፍያውም ያው አስር፤ መንታ ናቸው ባንድ ሆዳቸው።
ፕላታው አምስት፤ አርባ ስድስት ኦም፤ ጭምቱ እሱ ነው ከመካከላቸው።
ደመርኩ፤ ሃያ አምስት። የሰሌዳው ጠባቂ የሚችለው አስራ ስድስት፤
ትንሽ ይታገሳል፣ ይግላል፣ ከዚያ ቀጭ!
እንደ ተቀየመ ዘመድ ውልቅ ይላል ከግብዣ ቤት።

«አንዱን እንንቀል» አልኳት። «የቱን?»
ጉልበቷ ያለ ማሞቂያ አይዘረጋም፤ የልጅ ልጆቿ ቀዝቃዛ አይበሉም፤
ፀሐይ ልትጠልቅ ሃያ ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካም።

«በአገራችን» አለች፣ «ሰንበት ሲገባ እሳት እንገድል ነበር፤
የቀዘቀዘ ዳቦ በልተን፣ በጨለማው ተጠጋግተን ነው የምናድር።
እዚህ ሰንበት ሲገባ ይለኮሳል። ‹እሳት አይደለም› ይሉኛል።
አንተ የቀጥቃጭ ልጅ ነህ፤ እሳት ታውቃለህ፤ ይሄ ምን ይባላል?»

አልመለስኩም። ቆጠርኩ። ማፍያው አንዴ ከፈላ ይረጋል፤
አንድ አምፔር ብቻ ይልሳል፤ ያኔ ሁሉም ይታረቃል፤
ቮልቱም፣ ኦሙም፣ ዋቱም ሁለት መቶ ሠላሳ ይሆናል።
እንግዲህ መጀመሪያ ማፍያው፤ እስኪንተከተክ ቆሜ ጠበቅኩ፤
ቀጥሎ ፕላታውን፣ መጨረሻ ማሞቂያውን ሰካሁ፤ ከሰሌዳው ጆሮዬን አሳረፍኩ።
አስር። አምስት። አንድ።
አስራ ስድስት፤
እስከ አፉ እንደሞላ እንስራ፣ ጠብታ የማይጨመርበት።

ሌሊቱን ጣሪያዬን ሳይ አደርኩ፣ ያ «ቀጭ» ይመጣል ብዬ፤
አንዱ ሕፃን በእንቅልፍ ልቡ ማብሪያ ቢነካስ፣ ጌታዬ?
ዝናብ ነበር። የጎረቤት ውሻ ነበር። ቀጭ አልመጣም።

ጠዋት ወደ ጸሎት ስትወርድ ደረጃው ላይ አገኘኋት፤
እጇን ከጉንጬ አደረገች። ሞቃት።
«እህ?» አለች፣ «ምንድን ነው ታዲያ?»

ፈተናዬ ማክሰኞ ነው።
ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።
መለኪያውን ግን ለእሷ
ምን ብዬ ልጻፍላት?