አምስተኛው ጥያቄ

ዊኒፔግ፣ ወርኃ ጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ሥራ ማማከሪያው ቢሮ ተቀምጫለሁ፣ ካፖርቴን ከላዬ ሳላነሳ።
ማሪቴስ ትባላለች አማካሪዋ፤
ፈገግታ ተለጥፎበታል ግድግዳዋ።
አንድ አንድ ቅጽ አደለችን፣ አንድ አንድ እርሳስ፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ አድራሻ፤ እስከ አራት ድረስ
ያለ ችግር ሄድኩኝ። አምስት ላይ ቆምኩ።
«ከዐሥር ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?»
እርሳሱን ነከስኩ።

ስሜ ስንዱ ነው፤
አባቴ ያወጣልኝ፣ ሳይጠሩኝ እንድገኝ።
ተሰናድቼ ነበር፤ ለየትኛው ድግስ፣
ለየትኛው መንገድ፣ ማንም አልነገረኝ።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣
እግሬ ሥር መርገጫ፣
ሐኪሞች የቀዱትን በጣቴ ስለቅም፤
«ልቡ ደህና ይመታል፤ ሳንባው አልቆሰለም።»
የሚያጉረመርመውን፣ በአፍንጫው የሚያወራውን፣
ሳንድዊች እያኘከ ሞት የሚያረዳውን፣
በሳል በትንፋሹ እያንዳንዱን ለየሁት፤
ፊቱን ግን አላውቅም፣ ሊፍት ውስጥ ባየሁት።

አምና በመጋቢት አንድ ፕሮግራም መጣ፤
አይደክመው፣ አያመው፣ ለምሳ አይወጣ።
«አስተምሪው» አሉኝ።
ስድስት ወር ስህተቱን ሳቃና ከረምኩ፤
አንዲት «የለም» ዘሎ፣ ጤነኛውን ሰውዬ ካንሰር ሲሰጠው
እኔ ነኝ የያዝኩ።
የገዛ ጉርሻዬን በእጄ አጎረስኩት፤
በመስከረም ጠግቦ ሲነሣ አየሁት።

ምክር መቼ ጠፋ!
አለልኝ «ነርስነት ነው፤ በሽታ አያልቅም» አለኝ፤
ትብለጥ «ኮዲንግ ተማሪ» ብላ ሦስት ሌሊት አስመሸችኝ፤
በዓመቱ እሷንም ቀነሷት፤
አሁን ስለ ኮዲንግ ማንም አያነሣባት።

አባቴ ደሴ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
የሰው አቤቱታ በታይፕ ይጽፍ ነበር።
«ሰው እስከተካሰሰ ይህ ሙያ አይነጥፍም» ይል ነበር በኩራት፤
ሰው ዛሬም ይካሰሳል።
ታይፗን ዝገት በላት።

አጠገቤ ኖርበርት አለ፤ ስልሳውን የዘለለ፣
በሰሜን፣ በረጋ ሐይቅ ላይ፣ ለትራክ መንገድ ሲጠርግ የዋለ።
«በየዓመቱ ይቀልጣል» አለኝ በሹክሹክታ፣
ቅጹን ወደ ጎን ገፍቶ በቀስታ።
«በየዓመቱ እንሠራዋለን።
መንደሩ ከቦታው አይሄድም፤ ዱቄት ይፈልጋል፣ ናፍጣ፤
መንገዱ ግን አምና በሄደበት ዘንድሮ ላይመጣ።
ስለዚህ የአምና ካርታ አናምንም። መሰርሰሪያ ይዘን፣
ሃምሳ እርምጃ ሄደን፣ በረዶውን በስተን፣ ለክተን፣
ደግሞ ሌላ ሃምሳ።»
ዝም አለ።
«ብርዱ ራሱ እያጠረ ነው። እኔንስ እዚህ ማን አመጣኝ?»
ሳቀ፤ ሁለት ጥርሱ ጎድሏል፤
ሳቁ ግን አልጎደለብኝ።

ወደ አምስት ተመለስኩ።
«አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
«ሰው አጉረምርሞ፣ ሌላው ያልሰማው ቦታ»፤ ይህን ተውኩት።
ከሥሩ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«እስከ ሰኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ትምህርት።
ከዚያ መልሼ እለካለሁ።»

ማሪቴስ አነበበች፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።
«ይሄ የአምስት ወር ነው። የቀረውስ ዘጠኝ ዓመት ተኩል?» አለች።
እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም።
ባዶ ያለው ቦታ ብዙ ነው፤ ልደብቀው አልሞከርኩም።

ከውጭ ደረጃው በረዶ ለብሷል፤
ኖርበርት አውቶቡስ ጥበቃ አጎንብሷል።
ተረከዜን አስቀድሜ የመጀመሪያውን እርከን ነካሁት፤
ያዘኝ።
ሁለተኛውን ሞከርኩት።