ማለፍ

ኩስኮክዊም ወንዝ ረግቶ፣ ሆኖ እንደ ድንጋይ፣
ጀልባ በነበረበት መኪና ሲሄድ ላዩ ላይ፣
መንገድ በማይደርስባት በቤቴል ከተማ፣
አላስካ ጫፍ ላይ፣ በጥር ጨለማ፣
አጋፊያ ዋሲሊ ጓንቷን አወለቀች፣
ጣቶቿን በትንፋሽ ሁለት ጊዜ አሞቀች፣
ለሠላሳኛው ወር ሞተር ፈታች።

መጀመሪያ ሥራዋ መጥረጊያ ነበር፤
ቀጥሎ ጎማ መንፋት፣ ዘይት መቀየር፤
ከዚያም የነካችውን ሁሉ ደብተር ላይ ማስፈር፦
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዕቃውን ቁጥር፣
ከሥሩም የሽማግሌው የኦስካር፣
«እሷ ሠራች፣ እኔ አየሁ» የሚል ምስክር።

መፍታትማ ማንም ይፈታል፤
ጭንቁ መግጠም ላይ ይመጣል።
ብሎንም እንደ ቃል ነው፦
ሲጠብቅ አንድ ፍቺ፣
ሲላላ ሌላ ፍቺ አለው።

ሌሊት ከማሞቂያው ሥር፣ ቅባት በነካው ጣቷ
ገጽ ስትገልጥ አደረች፤ ተሟጠጠ ባትሪዋ፦
ማግኔቶ ከየት ብልጭታ እንደሚያመጣ፣
ዝገት በክንፍ ሆድ ተደብቆ የት እንደሚወጣ፣
ለየትኛው ብሎን ስንት ጉልበት እንደሚበቃ።
ሦስት የጽሑፍ ፈተና ነበር፤ አንዱን ወደቀች።
ለማንም አልተናገረች።
ቤቴል ግን ትንሽ ናት፤
ባለሱቁ እንኳ መልስ ሲቆጥርላት
«አይዞሽ» አላት።

በመጋቢት ፈታኙ ሃልቮርሰን ከአንኮሬጅ መጣ፣
ከኪሱ ሁለት ብሎን አወጣ፣
በቀጭን ሽቦ እርስ በርሳቸው የታሰሩ።
«ምን ይመስልሻል?» አላት በአጭሩ።
ያምር ነበር። ጥምዝምዙ እኩል፣ ጫፉ የተሸሸገ።
ገልብጣ አየችው። ቆየች።
«ያምራል» አለች፣
«ግን የታሰረው ወደ መላላቱ ነው፤
ብሎኑ ልፈታ ሲል ሽቦው አይዘውም፣
ያግዘዋል።»
ሰውየው ብዕሩን አነሳ፣
ሌላ አርባ ጥያቄ ጠየቀ፣ ምሳውን ረሳ፤
ማታ ላይ ነው «አልፈሻል» ያላት።
አንዲት ስስ ወረቀት ሰጣት፣
ዋናው ካርድ በፖስታ እስኪደርስላት።

ሐሙስ ነው። ወረቀቷ ሦስተኛ ቀኗ።
የቅርጫት ኳስ ቡድኑ፣ ስድስት ልጃገረድ፣
አኒያክ ለዋንጫ ለመሄድ
ከነቦርሳቸው ሃንጋሩ በር ላይ ቆመዋል።
የአክስቷ ልጅ ፌክላ ኳስ ታነጥራለች።
ፓይለቱ ዴል ሰዓቱን ያያል።
አጋፊያ ከጭስ ማውጫው፣ ከማሞቂያው ሽፋን ሥር፣
ባትሪዋን አብርታ አየች አንድ መስመር፣
ከቅንድብ የቀጠነ ስንጥር፤
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣
ከሙቀቱ ጋር ሾልኮ የሚገባ ጋዝ፣
ሰውን በወንበሩ ላይ ቀስ አድርጎ የሚያደነዝዝ።

«ትናንትም በርሬበታለሁ» አለ ዴል።
«አውቃለሁ» አለች።
ዴል ወደ ኦስካር ዞረ።
ኦስካር እጁን በጨርቅ ጠረገ፣
ጨርቁን አጣጠፈ፣ ዝም አለ፤
ከእንግዲህ ደብተሩ የሚጠብቀው የእሱን ስም አይደለም።
ሠላሳ ወር ሙሉ የተማረችው፣ ለካ፣
መፈረም ብቻ አልነበረም፤
ብዕር ይዛ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣
«አልፈርምም» ማለትም ነበር።

ቡድኑ ሳይጫወት ተሸነፈ።
ፌክላ ፊቷን አዙራ ሄደች፤
እስከ ሰኞ አላናገረቻትም።
የጻፈው ጋዜጣ የለም፤ ያልሆነ ነገር ምን ወሬ አለው?
እኔ በምጽፍበት ቋንቋ «አለፈ» ሁለት ፍቺ አለው፦
ፈተናውን የተወጣም፣
ከዚህ ዓለም የወጣም፣
ሁለቱም «አለፈ» ነው።
አንዷ ያለፈችው
ሌሎቹ እንዳያልፉ ነው።

ማክሰኞ አዲሱ ዕቃ መጣ፤ ገጠመች፤
ሽፋኑን ከመዝጋቷ በፊት መፍቻዎቿን ቆጠረች።
አሥራ ዘጠኝ።
ተንበርክካ ወለሉን ዳሰሰች፣
ሞተሩን በባትሪ ፈተሸች፣
እንደገና ቆጠረች።
ሃያኛው ደረት ኪሷ ውስጥ ነበር፣
ከስሷ ወረቀት ጎን።
ያኔ ፈረመች።