የቀኝ እጅጌ

አራዳ፣ ከሸማ ተራ ወረድ ብሎ፣
ሱቄ አለ፣ ከፈንታሁን ፀጉር ቤት ጥግ ተከልሎ።
ጠመኔ፣ ሜትር፣ መቀስ፣ ዘይት የጠማት መኪና፤
ወሬ አልለቅምም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ልብስ ራሱ ያወራልና።
የሱሪ ቂጥ ካበራ፣ ባለቤቱ ወንበር ወዷል፤
ጉልበቱ ከሳሳ፣ ወይ ለፈጣሪ ወይ ለሹም ተንበርክኳል።

ቢያድግልኝን የለካሁት የተመረጠ ሰሞን ነው፤
ግራጫ ሱፍ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ገበሩ ውኃ ሰማያዊ የሆነው።
«እጅህን አንሣ» አልኩት ለልኬት፤ አነሣ፤ ሳቅን ሁለታችን፤
«ተለማመድ!» አለው ፈንታሁን፣ ምላጭ ይዞ ከበራችን።
ጻፍኩ በደብተሬ፦ ትከሻ አርባ ስድስት፣ እጅጌ ስድሳ ሁለት፤
ከሥሩም በእርሳስ፦ «የኛ ሰው። እንየው በትዕግሥት።»

ፈንታሁን ቴሌቪዥን አለው፣ ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለ፤
ምክር ቤቱ ሲታይ ምላጭ ይቆማል፣ አረፋው በጉንጭ እንዳለ።
አፈ ጉባኤው፦ «የምትደግፉ?» ደን ይነሣል፣ የእጅ ደን፤
ከአራተኛው ረድፍ፣ ከምሰሶው ጎን፣ ዓይኔ ይፈልጋል ግራጫውን።
«የምትቃወሙ?» ሦስት። «ድምፀ ተአቅቦ?» አንድ።
የኛ ሰው? ከደኑ ውስጥ ነው፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ ግንድ።

ማስተዋል፣ ሥራ የምትማረው ልጅ፣ በጠመኔ ትቆጥራለች፤
በሱቁ ግድግዳ አንድ ጭረት፤ አምስት ሲሞላ ታስራቸዋለች።
የመንገዱ ብድር፦ ድጋፍ። በጀቱ፦ ድጋፍ። ግብሩ፦ ድጋፍ።
ስለማናውቀው ስምምነት፦ ድጋፍ፣ ማዛጋቱ ሳይወጣ ከአፍ።
በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ሞላ፤ ቀለም ልንቀባ ተማከርን፤
እሷ ግን «ይቆይ» አለች፤ ይቆይ ብለን ሰነበትን።

ኮቱም ይመሰክር ነበር። ለዕረፍት ሲመጣ፣ ከአዘዞ ገብቶ፣
ይጥልልኛል፤ የቀኝ ብብቱ ተተርትሮ፣ ክሩ ሳስቶ።
ግራው ደኅና፣ ግራው አዲስ፤ የሚያልቀው ሁልጊዜ ቀኙ ነው፤
ሠላሳ ብሬን ተቀብዬ እሰፋለሁ፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ከዚያ የሱቅ ኪራይ አዋጁ ቀን መጣ። ያን ዕለት አራዳ አልሸጠም፤
ሸማ ሻጩ፣ ቅመም ሻጯ፣ ሁሉም ፈንታሁን ቤት፤ ማንም አልተላጨም።
«የምትደግፉ?» ደኑ ተነሣ። ዓይኔን ወደ ምሰሶው ጣልኩ።
ግራጫ አየሁ፤ እጅ ግን አጣሁ፤ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ።
«የምትቃወሙ?» አልተነሣም። «ተአቅቦ?» ካሜራው ዞረ፤
«በአብላጫ ድምፅ።» መዶሻው ተናገረ።

ማታውን ሙግት ሆነ። አንዱ፦ «ከፓርቲው ተለየ፣ ጀግና!»
ሌላው፦ «ተኝቶ ነው።» ቅመም ሻጯ፦ «መሐረብ ሲፈልግስ እንደሆነ፣ ማን ያጣራና?»
ማስተዋል ጠመኔዋን ይዛ ቆመች፤ ጭረቱን የት ልታኑር?
በመጨረሻ ክብ ሠራች፣ ባዶ፤ «እስኪታወቅ ይኑር።»

ሐምሌ ላይ ደረሰ፤ ከቀሃ ጉም እየወጣ፤
በፓርቲው መኪና አልነበረም፤ በባጃጅ ነው የመጣ።
ኮቱን ከጠረጴዛው አኖረ። ቀኝ ብብቱን ገለጥኩ፤ ደኅና።
ግራውም ደኅና። «ምኑ ነው ታዲያ የተጎዳው?» አልኩና
እጄን ወደ ቀኝ ኪሱ ብሰድ፣ መዳፌ አለፈ በቀዳዳው፤
አራት ጥፍር፣ ጎን ለጎን፣ ገበሩን ከውስጥ የቀደደው።

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ዝናቡን ነው የሚያየው።
«ኪሱን ነው» አለ። «ኪሱን ብቻ አጥብቀው።»

ጀግና አልለውም። እጅ አንሥተው የተቃወሙ አሉ፤ እሱ በኪሱ ነው የጨበጠ፤
ኪራዩም ጨምሯል፤ ከመስከረም የኔም ሱቅ ዋጋው በለጠ።
ግን ደብተሬን አወጣሁ፤ ስድሳ ሁለት ካለው ሥር ጻፍኩ፦
«ቀኝ ኪስ፣ ከውስጥ፣ አንድ ጊዜ።» ቀኑንም አሰፈርኩ።

ድርብ ገበር ገባለት፤ የድንኳን ክር፣ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት።
ማስተዋል፦ «እንዲህ ከጠነከረ፣ መደበቅ አይለመድበት?»
አለችኝ። መልስ የለኝም። ብብቱን ግን አንድ ጣት አሰፋሁት፤
ማንሣት ቢፈልግ፣ «ኮቱ ያዘኝ» እንዳይል። የዚህን አላስከፈልኩት።